ሁለት ጣት ዝቅ

አጎቴ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የፈጣን ጀልባዎችን ሞተር ይገጥሙ ነበር። ወደ ላስታ ሲመለሱ ይዘውት የመጡት አንድ ያረጀ የነሐስ ፕሮፔለር፣ ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባ የሚገፋው ባለ ክንፍ ብረት ነው። ደጃቸው ካለው የወይራ ግንድ ላይ ሰቅለውት ስለነበር፣ ከሙጃ ገበያ የሚመለሰው ሰው የወፍጮ ዕቃ ይመስለው ነበር።

አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ሲመለመል፣ "ከምሽግ ባሕር ይሻላል" ብለው ደጅ ጠንተው ባሕር ኃይል አስገቡት። የሄደ ዕለት ጠዋት ከግንዱ ሥር አቁመው መከሩት፤ እኔ ስንቁን ይዤ አጠገባቸው ነበርኩ።

"ውሃው ሲረጋ ሞተሩን ከጀልባዋ ኋላ ከፍ አርገህ እሰረው፣ ትፈጥናለች። ጭነት ሲበዛ የክንፉ ጥምዝዝ ያነሰውን ፕሮፔለር ምረጥ። ማዕበል ሲነሳ ግን ሁለት ጣት ዝቅ አርገው፤ አለዚያ አየር እየመታ ይጮኻል እንጂ ጀልባዋን አይገፋም።"

ልጁ ከባሕር አልተመለሰም። አስከሬንም ስላልመጣ ልብሱን አውጥተን አለቀስን።

ከዚያ ወዲህ አጎቴ ማረሻ ሲያበጁም፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስም ድንገት ቆም ይሉና፣ "ማዕበል ሲነሳ ዝቅ አርገው ብየዋለሁ አይደል?" ይሉኛል።

"ብለውታል ጋሼ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ" እላቸዋለሁ።

ራሳቸውን ነቅንቀው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። "ከምሽግ ባሕር ይሻላል" ስላሉት ነገር ግን አንድም ቀን አንስተውልኝ አያውቁም።

ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። አሁን የሚጠይቀኝ የለም። ጠዋት በግንዱ በኩል ሳልፍ ግን "ብለውታል ጋሼ" ብዬ አልፋለሁ።