በጾም የወጣነው ደንገጎ

ትላንት የተሳፈርንባት ባጃጅ ጎማዋ ተንፍሶ ጎሚስታው ደጃፍ ስንቆም፣ ዝም ማለቴን አይተሽ «ምን ሆንሽ?» ብለሽኝ ነበር። የማስቲሽ ሽታ ነው። ሰውየው የጎማውን ከመነዳሪ ፍቆ፣ ማስቲሹን በጣቱ ቀብቶ እፍ ሲልበት ያ ራስ የሚያዞር ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና ወደ ሌላ ዘመን ሙቀት ይዞኝ ሄደ። ያኔ አልመለስኩልሽም። አሁን ልንገርሽ፣ ልጄ።

ብስክሌት እወዳደር ነበር። አትሳቂ። አሁን ደረጃ ስወጣ የሚያቃስተው ይህ ጉልበቴ ያኔ የደንገጎን ዳገት ይወጣ ነበር። አባቴ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር፤ የመጀመሪያዋን ብስክሌቴን ከአሮጌ ብስክሌቶች ገጣጥሞ የሰጠኝ እሱ ነው።

በከተማችን በድሬ ቡድን ውስጥ ሴቶች ጥቂት ነበርን። ከሁላችን በጉልበት የምትበልጠው ጓደኛዬ ነበረች፤ መጋላ ሰፈር ያደገች ሶማሌ፣ ቀጭን፣ እግረ ረጅም፣ ስትስቅ ዓይኗ የሚጠፋ። «አባዮ» ትለኛለች፣ በእነሱ ቋንቋ እህቴ እንደማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ ከዚራ የሚባለው ሰፈር፣ የኒም ዛፎቹ ስር ተገናኝተን ጎን ለጎን እንነዳለን። በአማርኛ የጀመረችውን ቀልድ በኦሮምኛ ታስኬደውና በሶማልኛ ትጨርሰዋለች። የሚያስቀው ነገር ሁልጊዜ ሶማልኛው ላይ ስለሚመጣ፣ እኔ እሷ ስትስቅ አይቼ ነበር የምስቀው።

አንድ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ። የሦስት ቀን ውድድር የመጣው በዚያው መሐል ነው። የመጀመሪያው ቀን ከተማ ውስጥ መዞር፣ በማግስቱ ከድሬ ተነስቶ በደንገጎ ሐረር መግባት፣ በሦስተኛው ቀን ከሐረር ድሬ መመለስ። የሦስቱ ቀን ሰዓት ተደምሮ ቀድማ የተገኘችው ዋንጫውን ትወስዳለች።

አሠልጣኛችን በሞተር እየተከተለ የሚጮህብን የድሮ ተወዳዳሪ ነበር። ጓደኛዬን ጠርቶ፣ «መንገደኛ አይደለሽ? ሃይማኖትሽም ይፈቅዳል። በኋላ ትጾሚዋለሽ» አላት።

«እናቴ ብስክሌቱን ስትፈቅድልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ» አለችው። «ጾሜን እንዳልተው። እሺ ብያታለሁ። እሺ ካልኩ እሺ ነው፣ አቦ!»

እናቷ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ ዝምተኛ ሴት ነበሩ። ጎረቤቱ ሁሉ «ልጅሽ በቁምጣ አስፋልት ላይ…» ሲላቸው ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፋሉ እንጂ፣ ልጃቸው ስትወዳደር አንድ ቀን እንኳ መጥተው አይተው አያውቁም።

የመጀመሪያውን ቀን ሳቅ እያልን ጨረስነው። ሁለተኛው ቀን ግን ደንገጎ ነው። መኪናው በመጀመሪያ ማርሽ እያጓራ የሚወጣውን ጠመዝማዛ እኛ በእግራችን ጉልበት ገፋነው። ከሰንሰለታችን ጩኸትና ከትንፋሻችን በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። እኔ የምጾመው ጾም ውሃ አይከለክለኝም ነበር፣ ኮዳዬም ሙሉ ነበር፤ ግን ከንፈሯ ደርቆ እያየሁ አጠገቧ መጠጣት አቃተኝ። ወደ ኋላ ቀረት ብዬ ተደብቄ ልጎነጭ ስል ዞር አለች።

«ጠጪ እንጂ! አንቺ ስትጠጪ እኔ የምሸነፍ መሰለሽ?»

ከዚያ ከኮርቻዋ ብድግ ብላ ጥላኝ ሄደች። እንዴት እንደሄደች ዛሬም አላውቅም። ሐረር ስገባ የግንቡ በር ጋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እየጠበቀችኝ ነበር። በድምሩ እሷ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ፣ ከደጋ የመጣች አንዲት ብርቱ ልጅ ደግሞ ከእኔ በጥቂት ሰከንድ ልዩነት ሦስተኛ ሆነን አደርን።

በማግስቱ እግሮቻችን የእኛ አልነበሩም። ካደርንበት ቤት ደረጃ ጉልበታችን አልታጠፍ ብሎ፣ መደገፊያውን ይዘን የኋሊት ነው የወረድነው። መንገዱ ላይ ከሐሮማያ ሜዳ የሚመጣው ነፋስ ፊት ለፊት መታን። ነፋሱን እንድከልልላት እኔ ከፊት ሆንኩ፣ እሷ ከጎማዬ ተጠግታ ተከተለችኝ። ደንገጎን ቁልቁል ስንወርድ የድሬ ሙቀት ልክ የዳቦ ቤት ምድጃ ሲከፈት እንደሚገርፈው ፊታችንን ገረፈን። የፍሬን ጎማ ሽታ፣ የጋለ ሬንጅ ሽታ። ታች ደርሰን ዞር ስል ላቧ ደርቆ ፊቷ ላይ ጨው ሠርቷል።

ከኋላችን የነበረችው የደጋዋ ልጅ ይህንን አየች። ብድግ ብላ ፔዳሏን ረገጠችና ተፈተለከች።

«አባዮ፣ ሂጂ» አለችኝ ጓደኛዬ።

«አልሄድም።»

«እኔ ጨርሻለሁ። አንቺ ከዚያች ልጅ ጎማ ካልተለየሽ ዋንጫው የእኛ ነው። ለእኔ ብለሽ ከቆምሽ ግን ሁለተኛ አላናግርሽም!»

ኮዳዬን ዘረጋሁላት። ተቀብላ ማጅራቷ ላይ አፈሰሰችውና ባዶውን መለሰችልኝ። ሄድኩ።

ስለዚያ መንገድ ብዙ አላስታውስም። ጭኔ እንደ እሳት ይነድ እንደነበር፣ ባቴ እየተኮማተረ አፌ ላይ የደረሰ ጩኸት እንደዋጥኩ፣ የአስፋልቱ ሬንጅ ቀልጦ ከጎማዬ ስር ጠስ ጠስ ይል እንደነበር አስታውሳለሁ። የልጅቷ ጀርባ መጀመሪያ እንደ ነጥብ ነበር። ከተማው መግቢያ ላይ ደረስኩባት፣ ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከኋላ ጎማዋ አልነቀልኩም። ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት የመጨረሻውን መስመር በአንድ ጎማ ያህል ቀድማኝ አለፈች፣ በድምሩ ግን ዋንጫው የእኔ ሆነ። ሰው ተሸከመኝ። እኔ ግን በሰው ትከሻ ላይ ሆኜ መንገዱን ነበር የማየው።

«ልጄስ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እናቷ ነበሩ። የገበያ ሻሻቸውን እንዳሰሩ፣ በእጃቸው የውሃ ጠርሙስ ይዘው መጥተዋል።

«እየመጣች ነው፣ ሆዮ» አልኳቸው ከሰው ትከሻ ወርጄ፣ ልጃቸው እንደምትጠራቸው። እጄን ያዙኝና ሁለታችንም መንገዱን እያየን ቆምን። ሌሎቹ ገቡ። ሕዝቡ ወደ ጥላው መበተን ጀመረ። በመጨረሻ የብስክሌቷ መሪ ወዲያና ወዲህ እየዋለለ ጓደኛዬ ብቻዋን መጣች። መስመሩን አልፋ ከብስክሌቷ ስትወርድ እናቷ ደገፏት፣ ጠርሙሱን ከፍተውም ወደ አፏ አስጠጉት።

«ጠጪ። እኔ ፈቅጃለሁ፣ አላህም ያውቃል።»

ጓደኛዬ ጠርሙሱን አየችው። ከዚያ በዚያ በተሰነጣጠቀ ከንፈሯ ሳቀች፣ ዓይኗ ጠፋ።

«አሁን? ደንገጎን ወጥቼ ወርጄ? ለቀረው ጥቂት ሰዓት?»

እናቷ ጠርሙሱን ከአፏ መለሱት። በውሃው ፊቷን አጠቡላት፣ አንገቷን፣ ክንዷን፣ ጎንበስ ብለውም እዚያ አደባባይ ላይ ያንን ጎረቤት የሚያማውን እግሯን አጠቡላት። ሰው ያያል አላሉም።

ጓደኛዬ ከሁለት ዓመት በኋላ አግብታ በባቡር ጅቡቲ ሄደች። ጣቢያው ድረስ ሸኘኋት። መጀመሪያ ላይ በዒድ በዒድ እንደዋወል ነበር፣ ከዚያ ቁጥሯ አልሠራ አለ። እናቷም አርፈዋል። መጋላ ያለው ቤታቸው አሁን የሞባይል መሸጫ ነው። ዛሬ ልጆች በዚያ ዳገት በብስክሌት ሲወጡ ሳይ፣ መኪና ውስጥ ሆኜ የእሷን አቀማመጥ ነው የምፈልገው፤ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለውን።

የዚያን ዕለት ማምሻ ግን ሦስታችንም ግቢያቸው ውስጥ ነበርን። እናቷ ዋንጫውን አጥበው ተምር ሞሉበት። አዛን ሲል ጾማቸውን አፈጠሩ፣ እኔም አብሬ በላሁ። ሳምቡሳው ሲመጣ እጄን ሰበሰብኩ፣ ሥጋ መስሎኝ። እናቷ ለብቻው የተከደነ ሳህን ወደ እኔ ገፉልኝ።

«ያንቺ ምስር ነው» አሉኝ። «ዘይቱም ለብቻው ነው። ጾምሽን አውቃለሁ።»

ቀና ብዬ ጓደኛዬን ላያት ስል እንቅልፍ ወስዷታል፤ ያልጨረሰችው ተምር እጇ ውስጥ እንዳለ፣ ራሷ ትከሻዬ ላይ። እናቷ በጣታቸው ዝም በይ አሉኝና እግሯን አሳዩኝ። ምንጣፉ ላይ የተዘረጋው እግሯ በእንቅልፏ ቀስ እያለ ይንቀሳቀስ ነበር፣ አንዴ አንዱ፣ አንዴ ሌላው፣ ገና ዳገቱን እንዳልጨረሰ ሰው። ትከሻዬ እስኪደነዝዝ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።