ክር የማይቆረጥበት ክፍል

ኪሮሽ ያስተማረቻት ጎረቤቷ «ሐሳብ ያስጥላል፤ ደግሞ ከቦርሳሽ አይጠፋም» ብላት ነበር። እውነቷን ነው። አንዲት መርፌና አንድ ልቃቂት ክር ምን ቦታ ይይዛሉ? ልብስ መተኮሻ ቤት ቆማ ስትተኩስ ትውልና ወገቧ ሊቆረጥ ሲደርስ፣ አውቶቡስ ውስጥ ወንበር ካገኘች ያቺን መርፌ ታወጣለች። ትከሻዋ ይላላል። አጠገቧ ያለው ሰው ቢያወራ፣ ቢያንኮራፋ፣ እሷ እቴ! ደንታም የላት።

ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ኩላሊቱ ሥራ ካቆመ ወዲህ ግን ሆስፒታል እየሄደ ደሙ በማሽን ይታጠብለታል፤ እሷም ከሥራ መልስ አጠገቡ ትቀመጣለች። ማሽኑ ሲያጥበው ይበርደዋል። ስለዚህ አረንጓዴ ሻርፕ ጀመረችለት። ቶሎ የሚያልቅ ነገር ነበር።

ሌሎቹ አስታማሚዎችም እሷን አይተው ጀመሩ። ሲስተሯ «ይሄን ክፍል ለቃችሁ ሱቅ ብትከፍቱ ይሻላችኋል» እያለች ታሾፍባቸው ነበር።

ታዲያ ከመካከላቸው አንዷ፣ ሁሉም እትዬ የሚሏት ሴትዮ፣ ለባሏ የጀመረችውን ሻርፕ ጨርሳ፣ ክሩን በመቀስ ቆርጣ፣ አንገቱ ላይ ጠመጠመችለት። ሰውየው በማግስቱ አረፈ። ቀኑ ደርሶ ነው እንጂ ሻርፕ ሰው ይገድላል? ይህንን የማያውቅ የለም። ግን ከዚያ ወዲያ እዚያ ክፍል ውስጥ ክር የቆረጠ ሰው አልታየም። የተማከረም የለም። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ዝም ብለው ሌላ ረድፍ ይቀጥላሉ፤ ክር ሲያልቅባቸው ሌላ ልቃቂት ይቋጥሩበታል። ምን ይደረግ፣ የጨነቀው ሰው የማያምነው ነገር የለም።

እሷም ቀጠለች። አረንጓዴው ክር ከገበያ ሲጠፋ በግራጫ ቀጠለችበት። ሻርፑ ከጉልበቷ ወርዶ መሬት ነካ፤ በትልቅ ፌስታል ይዛው ትዞር ጀመር። ድሮ ያሳርፋት የነበረው ነገር አሁን እንቅልፍ ነሳት። ቤቷ ገብታ ጋደም ስትል «ዛሬ ሳልጨምርበት ብተኛና አንድ ነገር ቢሆንስ?» ትልና ተነሥታ ትሠራለች። ጣቶቿ አብጠዋል። ሰው ሁሉ «አይዞሽ፣ አንቺ እኮ ጠንካራ ነሽ» ይላታል። ጠንካራ! እስቲ ማን ምርጫ ሰጣት?

ባሏ መጀመሪያ መጀመሪያ ይቀልድባት ነበር። «ስሚ፣ ይሄ ሻርፕ ነው አስፋልት? ስነዳ በኖርኩበት ዘመን እንዲህ ያለ ረጅም መንገድ አላየሁም» ይላታል። እሷም ሳትወድ ትስቃለች።

ያን ቀን ግን አልቀለደም። ከማሽኑ ጋር ከተያያዘ ጀምሮ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፤ ሲስተሯ የደረበችለት ብርድ ልብስ አልበቃውም። እሷ አቀርቅራ ኪሮሿን ትሠራለች።

«አምጪው» አላት።

«ምኑን?»

«ሻርፑን። ለእኔ አይደል እንዴ?»

«አላለቀም እኮ።»

«የእኔ እናት፣ ለምን እንደማትጨርሺው አውቃለሁ። የሁላችሁንም ሥራ አያለሁ። ግን ሞትን በክር አስረሽ ልታስቀሪልኝ ስትይ፣ እኔን ብርድ ጨረሰኝ።»

ቀና ስትል ሌሎቹ ሴቶች መርፌያቸውን አቁመው ያዩዋታል። መቀሱን ከቦርሳዋ ስታወጣ አንደኛዋ «ተይ፣ እህቴ» አለቻት በሹክሹክታ። ቢሞትስ? ነገ ቢሞትስ፣ ይህን መቀስ ዕድሜ ልኳን እንዴት አድርጋ ታየዋለች? ባሏን አየችው። ከንፈሩ ጠቁሯል።

ቆረጠችው። ጫፉን በመጨረሻው ቀለበት አሳልፋ አጠበቀችው። ከዚያ ያን ሁሉ ሻርፕ እያጠፈች፣ ከአንገቱ ጀምራ እስከ እግሩ ደራርባ አለበሰችው። ወደ ወንበሯ ስትመለስ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት።

«ደክሞኛል» አለችው። ታምሞ ከተኛበት ጊዜ አንሥቶ ይቺን ቃል ለማንም ብላት አታውቅም። ከተናገረችው በኋላ አፈረች፤ የታመመው እሱ፣ የደከማት እሷ።

«አውቃለሁ» አላት። «እኔም ደክሞኛል።»

መርፌ ያልተሰካበትን እጁን ከሻርፑ ሥር አውጥቶ ራሷን ወደ አልጋው ሳብ አደረገው። ሲስተሯ የማሽኑን ቁጥር ልታይ መጥታ «ሞቀህ?» ስትለው በጣቱ ዝም እንድትል አመለከታት። ሚስቱ ግንባሯን የአልጋው ጠርዝ ላይ አስደግፋ፣ እሱ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱን ሳትጠብቅ ተኝታለች።