ከአጥሩ ወዲህ ሁለት እርምጃ

እናቴ በሕይወቷ «ሥራውን ተይው» ብላኝ አታውቅም። ትኩሳት ይዞኝ ተኝቼ እንኳ «እስቲ ቀና በይና ይህን ሽንኩርት ላጪልኝ» የምትል ሴት ናት። ባለፈው ጥቅምት ገጀራ ይዤ ወደ ጓሮ ስወጣ «ተይው፣ ይቅር» ስትለኝ፣ ማርጀቷን እንጂ ሌላ ነገር አልጠረጠርኩም።

ደምበጫ አስተማሪ ነኝ። ያን ቅዳሜ በሚኒባስ ተሳፍሬ ደብረ ማርቆስ የመጣሁት ለዚሁ ሥራ ነበር። የሰፈራችን ይዞታ ሰኞ ይለካል፣ ሁሉም ወሰኑን መንጥሮ ይጠብቅ የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። የእኛ የጓሮ አጥር ግን አጥርነቱ ቀርቶ ጫካ ሆኗል። የአዞ ሐረጉ አጋሙ ላይ፣ አጋሙ ቀጋው ላይ ተቆላልፎ ከራሴ በላይ ወጥቷል። ከታች ደግሞ ሳማ አለ። ክረምቱ ጥሩ ስለነበረ ሁሉም ጠግቦ አድጓል። አባቴ በሕይወት ሳለ ያን ጥግ ማንም እንዲነካበት አይፈቅድም ነበር። «ከሽቦው ይሻላል፣ ሌባ አያሳልፍም» ይለን ነበር። እሱ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ እናቴም የሱን ቃል ይዛ አላስነካ ብላ ቆየች።

«እማዬ፣ ለኪዎቹ በምን በኩል ይግቡ? በሰማይ?» አልኳት።

ዞራ ወደ ቤት ገባች። እኔም ተናድጄ የአባቴን ቦቲ ተጫማሁና ጀመርኩ።

ሐረግ ከላይ ቢጎትቱት ይበጠሳል እንጂ አይወርድም። ከሥሩ መቁረጥ፣ ከዚያ በባላ እንጨት ቀስ አድርጎ ማውረድ ነው። ይህን የተማርኩት እጄ በአጋም እሾህ ከተቧጨረ በኋላ ነው። በግቢው ጎን ባለችው ቀጭን መንገድ የሚያልፉ ሴቶች አይተውኝ «መምህርት፣ ደሞዙ ቀረ እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። «አፍ ብቻ! ገብታችሁ አታግዙኝም?» አልኳቸው። ሳቃቸውን ሳይጨርሱ አለፉ።

ከቀትር በኋላ ወደ መሬቱ ስጠጋ ገጀራዬ አንድ ለስላሳ ነገር ውስጥ ገባ። ነጭ ወተት ፈነጠቀ። የቁልቋል ወተት ዓይን ያጠፋልና ቶሎ ፊቴን አዞርኩ። ጎንበስ ብዬ ሣሩን ስገልጠው የቁልቋል ጉቶ ነው፤ ከጎኑ ጣት የሚያህል ቡቃያ አውጥቷል። ከእሱ ቀጥሎ ሌላ ጉቶ አገኘሁ፣ ከዚያም ሌላ። ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ ሄድኩበት። ጉቶዎቹ መስመር ይዘው ተተክለዋል። የእንጨቱና የሽቦው አጥር የቆመው ደግሞ ከእነሱ ወዲያ፣ ወደ ጎረቤት ገባ ብሎ ነው። ቁልቋል የሚተከለው ለወሰን ነው፤ በገዛ ጓሮው መሐል ቁልቋል ደርድሮ የሚተክል ሰው እኔ አላውቅም። በቦቲዬ ለካሁት። ሁለት እርምጃ ነው።

የቆረጥኩት ክምር ላይ ተቀመጥኩ።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። በወዲያኛው ግቢ ከወሎ ተመድበው የመጡ አንድ መምህር ከባለቤታቸውና ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። መምህሩ በጠና ታመሙና ባለቤታቸው ልጅቷንም ይዘው ለሕክምና አዲስ አበባ ወሰዷቸው። ክረምቱን ሙሉ ቤታቸው ተዘግቶ ከረመ። አባቴ በዚያ ክረምት በሁለቱ ግቢዎች መሐል የነበረውን አሮጌ የቁልቋል አጥር ቆርጦ፣ ባሕር ዛፍ አቁሞ ሽቦ ወጠረበት። በራሱ ወጪ እንዳሳደሰላቸው ለሰው ሁሉ ያወራ ነበር። በመስከረም ሲመለሱ መምህሩ አጥሩን አይተው «ሁለት እርምጃ ገብቶብኛል» አሉ። አባቴ «ከድሮው ቦታ ንቅንቅ አላለም» አለ።

ሦስት ሽማግሌዎች እኛ ግቢ ተቀመጡ። ምስክር የለም፣ ካርታ የሚባል ነገር በሰፈራችን ገና አልመጣም። አንዱ ተከራካሪ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው፣ ሌላው ከሩቅ የመጣ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ወደ ማን እንዳዘነበሉ እኔም በልጅነቴ ገብቶኛል። በመጨረሻ አባቴ ይማል አሉ። አባቴ ተነሣ፣ እጁን ራሴ ላይ ጫነና «ብዋሽ ይቺን አንድ ልጄን ይንሳኝ» አለ።

መምህሩ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «በልጅ አትማል፣ ኧረ ተው። መሬቱ ይቅርብኝ» ብለው ወጥተው ሄዱ።

ሰፈሩ ይህን የተረጎመው በራሱ መንገድ ነው። መሐላ ሲመጣ ሸሸ፣ ውሸቱ ተነቃበት ተባለ። እኔም ሰኞ ትምህርት ቤት ልጃቸውን በልጆች ፊት «አባትሽ ውሸታም ነው» አልኳት። ኮርቼ ነበር። የአባቴ እጅ ራሴ ላይ ያረፈበት ምክንያት እኔን መውደዱ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤቶች የሚገናኙት ለቅሶ ቤት ብቻ ሆነ። መምህሩ ከሞቱ ቆይቷል። ልጃቸው አዲስ አበባ ትሠራለች፣ እናትየው ብቻቸውን ናቸው።

እናቴ መቼ እንደመጣች አላየኋትም። ከጀርባዬ «አገኘሽው» አለችኝ።

«ታውቂ ነበር?»

«ጉድጓዱን ሲቆፍር፣ ጉቶውን አፈር ሲያለብስ ውሃ የማቀብለው እኔ ነበርኩ።»

«እና ይህን ሁሉ ዘመን ዝም?»

ከአጠገቤ ለመቀመጥ ስትሞክር እሾሁን አንሥቼ ቦታ አበጀሁላት። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነው፤ ያናደደኝም እሱ ነበር። «ከመማሉ በፊት ብለምነው ይሰማኝ ነበር ይሆናል፣ አላውቅም። ከማለ በኋላ ግን ምን ላድርግ? ብናገር መሐላው አንቺ ላይ እንዳይወርድ ፈራሁ። ዝም ስልም ያው እንዳይወርድብሽ ፈራሁ። በታመምሽ ቁጥር መጣ እላለሁ። የመጀመሪያ ልጅሽ የሞተ ጊዜ አንቺ ዕጣ ፈንታዬ ነው ብለሽ አለቀስሽ። እኔ እኛ ነን ያመጣንባት ብዬ አለቀስኩ።»

ስለዚያ ልጅ ከሰው ጋር አላወራም። እናቴ ለእኔ ማዘኗን አውቃለሁ፤ ይህን ተሸክማ እንደነበረ ግን አላውቅም። አባቴን ያን ቀን ጠላሁት። እወደው ነበር፣ ዛሬም እወደዋለሁ፣ ያን ቀን ግን ከልቤ ጠላሁት። እናቴንም ለመጥላት ሞክሬ ነበር፤ የተቧጨረ እጄን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠራርግልኝ አልሆነልኝም።

«የንስሐ አባቴ መልሺ ካሉኝ ቆየ» አለች። «አባትሽ እስኪሞት ጠበቅኩ። ሲሞት ደግሞ የሞተ ሰው ስም እንዴት አጎድፋለሁ አልኩ። ሰኞ ከተለካ ግን በወረቀት የእኛ ሆኖ ይቀራል። ይህን ይዤ መሞት አልፈልግም። ተይው ያልኩሽ ፈርቼ ነው እንጂ ልክ ሆኖ አይደለም። ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

እሺ አልኳት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላችንን እንኳ ሳናወልቅ ሄድን። አጥሩ መሐላችን ነው፣ በር የለውምና በትልቁ መንገድ ዞረን በፊት ለፊት አንኳኳን። ጎረቤታችን ከፍተው ሲያዩን የሞተ ሰው ያለ መስሏቸው ደነገጡ። «ማን ሞተ?» አሉ። ማንም አልሞተም አልናቸው። ግቡ፣ ተቀመጡ አሉን። እናቴ አልተቀመጠችም። መሬት ወርዳ ጉልበታቸውን ያዘች።

«ይቅር በይኝ» አለቻቸው። «አጥሩን ገፍተነዋል። ባልሽ እውነቱን ነበር። ትናንት ልጄ የድሮውን ቁልቋል ጉቶ አገኘችው። እኔ ግን ያን ጊዜም አውቅ ነበር።»

ሴትየዋ እናቴን ቁልቁል አዩዋት። ተነሽ አላሏትም፣ ገፍተውም አላራቋት።

«በስንት?» አሉ።

«በሁለት እርምጃ።»

«እሱም ያለው ሁለት ነበር።»

እኔም የራሴን ተናገርኩ። «እትዬ፣ ልጅዎን ትምህርት ቤት አባትሽ ውሸታም ነው ያልኳት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ልጅ ነበርሽ፣ ምን ታውቂያለሽ።» ከዚያ እኔንም እናቴንም ትተው ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ያን ቀን እያለቀሰች መጣች። እሱ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። አባዬ፣ ትዋሻለህ እንዴ? አለችው። አልመለሰላትም። እኔን አየኝ። እኔ እንድመልስለት ነው የፈለገው። ምስር እየለቀምኩ ነበር። ቀና አላልኩም።»

እናቴ እጇን ከጉልበታቸው አነሣች።

«አላመንኩትም ነበር» አሉ። «ጓሮውን የሚያውቀው እሱ ነው፣ እኔ ጎመን ልቀጥፍ ካልሆነ አልወጣም፤ ሁለት እርምጃ ማን ይለካል? ሰው በልጁ በውሸት አይምልም ብዬ አሰብኩ። በሽታው ራሱን አዙሮበት ተሳስቶ ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ስለ አጥሩ ትንፍሽ አላለም። እኔም ረስቶታል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

እናቴ አሁንም መሬት ላይ ናት። «በመድኃኔዓለም፣ ይቅር በይኝ» አለች ደግማ።

«አንቺስ እኔ ዘንድ መጣሽ» አሏት። «እኔ ማን ዘንድ ልሂድ?»

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም፣ አልልም አላሉም። ውሃ እንኳ ሳንጠጣ ወጣን። እውነት ለሚገባው ሰው ሲደርስ ሸክም ያቀላል ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ፤ ተማሪዎቼንም የምመክረው እንዲሁ ነው። እኛ ግን የራሳችንን ሸክም ሄደን እዚያ ቤት አራግፈን መጣን። ያን ዕለት የተሰማኝ እፍረት እንጂ እፎይታ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ሜትር የያዙ ሁለት ሰዎችና ቅጽ የያዘች አንዲት መዝጋቢ መጡ። እንደ ደንቡ የአካባቢው ሰው ለምስክርነት ተጠርቷል። ከሦስቱ ሽማግሌዎች በሕይወት የቀሩት አንዱም ከዘራቸውን ተደግፈው መጥተዋል። እናቴ መሐል ገብታ ቆመችና ሁሉም እየሰማ ተናገረች፤ አጥሩን ማን እንደገፋው፣ መቼ እንደገፋው፣ መሐላውም የሐሰት እንደነበረ። የባሏንም ስም ሳትደብቅ ጠራች። እኔ የመነጠርኩትን ቦታ አሳየሁ። ሽማግሌው ከጉቶ ወደ ጉቶ በከዘራቸው እየነካኩ እስከ ዳር ሄዱ። ሲመለሱ ባርኔጣቸውን አወለቁና ለጎረቤታችን ጎንበስ አሉ። ጎረቤታችን ግን ወደ እሳቸው አላዩም።

ሜትሩ በጉቶዎቹ ላይ ተዘረጋ። መዝጋቢዋ ቁጥሩን ጽፋ ስታበቃ ወደ ጎረቤታችን ዞረች።

«እንግዲህ ይህ ከእርስዎ ይዞታ ጋር ተጠቃሏል። በማን ስም ልበል፣ እናቴ?»

«በባለቤቴ።»

«እሳቸው አርፈዋል አሉኝ። በሞተ ሰው ስም መመዝገብ አልችልም። በእርስዎ ይሁን?»

«መሬቱን በፈለግሽው ስም አድርጊው» አሏት። «እሱ እውነቱን ነበር ብለሽ ብቻ ጻፊልኝ። ሚስቱ አላመነችውም ነበር፣ አሁን ግን አመነችው ብለሽ ጻፊ።»

መዝጋቢዋ ቀልድ መስሏት ቀና ስትል ፊታቸውን አየች። ቅጹን አንዴ ገለበጠችው፣ ጀርባውንም አየች።

«እናቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር የሚጻፍበት ቦታ የለውም» አለቻቸው በለሆሳስ።

«ታዲያ የት ሄጄ ላስጽፈው?» አሉ።