የእርሻው ስም

ለሰው የምሥራች ነግራችሁ፣ በኋላ ስህተት መሆኑን ደርሳችሁበት ታውቃላችሁ?

ኖርዌይ፣ ላምበርትሴተር በሚባል ሰፈር፣ ከእኔ ሥር ባለው ፎቅ አንዲት ኖርዌጂያዊት አሮጊት ይኖራሉ። ልጅ የላቸውም። እናታቸው «ዘራችን እንጨት ሊጭን በመርከብ መጥቶ እዚሁ ከቀረ የስኮትላንድ ሰው ነው» ሲሉ፣ ዘመድ ሁሉ ውሸታም እያለ ይስቅባቸው ነበር። «እውነቷን ይሁን አይሁን ሳላውቅ መሞት አልፈልግም» አሉኝ። መምህር ነኝ፤ ሳይጨርሱ እኔ አጣራለሁ አልኳቸው።

ላስረዳ። የድሮ ኖርዌጂያን ስም ከእኛ ጋር ይመሳሰላል፤ መጀመሪያ የራስ፣ ቀጥሎ የአባት። ሦስተኛውንም እንደ እኛ የአያት ነው ብዬ አነበብኩት። በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ የአሮጊቷ ቅድመ አያትና አንድ ሌላ ሰው ሦስተኛ ስማቸው አንድ ሆኖ አገኘሁት። ያ ሌላው ሰው የስኮትላንዱ መጤ ዘር መሆኑ በግልጽ ተጽፏል። አያታቸው አንድ ከሆነ ደማቸውም አንድ ነው ብዬ፣ የዘር ሐረጉን በቀለም ስዬ ወሰድኩላቸው።

አለቀሱ። ወዲያው ለአክስታቸው ልጅ ደወሉ። «ይኸው! እናቴን ውሸታም ስትሉ ኖራችሁ!» ሐረጉንም ከእናታቸው ፎቶ ሥር ሰቀሉት።

በሳምንቱ፣ ሃውገንስቱዋ በሚባል ሰፈር በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ለታሪክ መምህሩ የሐረጉን ፎቶ በስልኬ አሳየሁት። ኮርቼ ነበር።

«ሦስተኛው እኮ የእርሻው ስም ነው» አለኝ። «እዚያ እርሻ የገባ ሁሉ ይጠራበታል። ከአንቺ በፊት ቤትሽን የተከራየው ሰው አጎትሽ ነው?»

መዝገቡን እንደገና አየሁት። የአሮጊቷ ቅድመ አያት፣ የስኮትላንዱ ሰው ዘሮች እርሻውን ከለቀቁ በኋላ የገባ ጭሰኛ ነበር።

ሄጄ ነገርኳቸው።

«እንግዲያ እናቴ ዋሽታለች?»

«እሱ አይታወቅም።»

«ባለፈው ሳምንት ይታወቅ ነበር» አሉኝ። ወደ ግድግዳው አመለከቱ። «ያመጣሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው አውርጂው።»

አወረድኩት። ሚስማሩ ግን እዚያው ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን መዝገብ ሁሉ አገላበጥኩ፤ ምንም የለም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ስለ በረዶው ብቻ ያወሩኛል። የአክስታቸው ልጅ እንደገና ተደውሎለት እንደሆነ ለመጠየቅ አፍሬያለሁ።

የራሴን ዘር ስቆጥር ሦስተኛው ላይ እቆማለሁ። አባቴ ሞቷል፤ የምጠይቀው ሰው የለኝም። እናንተ የምትጠይቁት ሰው ካላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬ ወረቀት አውጡና እስከ ሰባት ቤት ጻፉ። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ማን እንደነገራችሁ አስፍሩ። የማታውቁትን ግን ባዶ ተዉት።