ለአጥቂዋ የተላከ ሽማግሌ

«ሱሪህን ሰብስብና ጉልበትህን አሳየኝ» አሉት ጋሽ ታከለ፣ አሰልጣኙን አዲሱን።

እስራኤል፣ ቂርያት ማላኪ ከተማ፣ በጋሽ ታከለ ሳሎን ውስጥ ቆመናል። ጎረቤቴ አዲሱ ያቭኔ ከተማ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ያሠለጥናል። የጋሽ ታከለን ልጅ ኦሪትን አጥቂ ሊያደርጋት ሁለት ጊዜ ደውሎ፣ ሁለቴም «እግሯን ልትሰብርብኝ ነው?» ብለው ዘግተውበታል። ስለዚህ እንደ ሙሽራ ሽማግሌ እልካለሁ አለ። አጎቱንና እኔን ከምንኖርበት ከገዴራ ይዞን መጣ። እኔ የተመረጥኩት ኮት ስላለኝ ነው። ሽማግሌ ደግሞ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም።

አዲሱ ሱሪውን ሰበሰበ። ጉልበቱ ላይ ረጅም የስፌት ጠባሳ አለ።

«በዚህ እግር የት የት ተጫወትክ?»

«ገዴራ ጀመርኩ። ከዚያ ቆጵሮስ፣ ሃንጋሪ፣ ሮማንያ።»

«የት ተሰበርክ?»

«ሃንጋሪ።»

«ሆስፒታል ማን አጠገብህ ተቀመጠ?»

አዲሱ ውጭ አገር ያገባቸውን ጎሎች ማውራት ከጀመረ አያቆምም። አሁን ግን ሱሪውን ቀስ ብሎ ወደ ታች መለሰ።

«ማንም» አለ።

ጋሽ ታከለ ሰዓታቸውን አዩ። «ልምምዱ መቼ ነው?»

«ዛሬ። አሁን ብንነሳ እንደርሳለን።»

«ኦሪት! ጫማሽን አድርጊ!»

ኦሪት የኳስ መለያ ለብሳ፣ ጫማዋንም አስራ ከመኝታ ክፍል ወጣች። አባቷ ከበረንዳ የፕላስቲክ ወንበር አነሱ።

«አባ፣ ወንበሩ ለምንድን ነው?»

«ሜዳው ዳር እቀመጥበታለሁ። ያላ፣ እንሂድ!»

ልጃቸውንና አሰልጣኙን አስቀድመው ወጡ። እኔንና የአዲሱን አጎት ተቀመጡ ያለን የለም። በሩ ተዘጋ።