ለሚሰማውም ሰላምታ

እኔ ስሜነሽ በሕይወቴ በደንብ የተካንኩት ሙያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሰው ወሬ መስማት። በሃያ ዓመቴ ሞጣ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሆኜ ስቀጠር፣ አባቴ እዚህ ቢቸና ላይ «ልጄ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነች» እያለ ደረቱን ነፍቶ ከረመ። ሥራዬ ግን ሲገለጥ ይህ ነበር፦ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ ገመድ ከአንዱ ቀዳዳ ነቅዬ ሌላው ላይ እሰካለሁ፣ ሦስት ደቂቃ ሲሞላ «ጨረሳችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ፣ እስከዚያው ደግሞ የማይመለከተኝን እሰማለሁ። መስማቱ በቅጥር ደብዳቤዬ ላይ አልተጻፈም። እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የተጋሁት በእሱ ነው።

የሞጣ ሰው እንደምሰማ ያውቅ ነበር። ልደበቅ ብል እንኳ ሳቄ ያጋልጠኛል። አንድ ቀን ነጋዴው ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ደብረ ማርቆስ ላለችው እህቱ የሚስቱን ወጥ ሲያማ፣ ሳላስበው ከት ብዬ ሳቅሁ። እሱም ሳይደነግጥ «ስሜነሽ፣ አንቺም ቀምሰሽዋል እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በከተማው ልማድ ሆነ። ስልክ ያነሳ ሁሉ የደወለለትን ሰው ሰላም ብሎ ሲያበቃ «ስሜነሽም እንደምን አደርሽ» ይላል፤ እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቀጥሉ» እላለሁ። መርጡለ ማርያም ያለች አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ጋር በስልክ ስትጣላ መሀል ገብቼ ያስታረቅኋቸው እኔ ነኝ። ያን ቀን እንደ ሽማግሌ ጋቢ መደረብ አምሮኝ ነበር።

ይህን ልማድ ይዤ አረጀሁ። ገመድ የምሰካበት ስዊችቦርድ ተነቅሎ፣ እኔም ጡረታ ወጥቼ ወደ ተወለድኩበት ቢቸና ተመለስኩ። አሁን ያለችኝ ስልክ መዳፍ የማትሞላ ባለ ቁልፍ ናት። በዚህ ሁለት ሦስት ዓመት ሰዉ ሁሉ «ስልካችን ተጠልፏል፣ ጆሮ ጠቢ በዝቷል» እያለ ሲንሾካሾክ እኔ እስቅ ነበር። መቼ ያልተጠለፈ ስልክ ነበርና? ጠላፊዋስ እኔ አልነበርኩም?

ልጄ ትርሲት ሞጣ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ዘወትር እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ትደውልልኛለች። እኔም እሷን ሰላም ብዬ እንዳበቃሁ፣ በሞጣ ወግ፣ ለሚሰማው ሰው ደግሞ ሰላምታ አቀርባለሁ። «አንተስ ልጄ፣ ደህና ሰነበትክ? ምሳ በላህ?» ስሙን ስለማላውቅ «ልጄ» አልኩት። ወንድ መሆኑንም የነገረኝ የለም፤ በግምት ነው። ቀስ በቀስም ለመድኩትና ምክር ጀመርኩ። ቁጭ ብሎ መዋል ለወገብ እንደማይበጅ፣ ሳይመሽበት ሚስት ማግባት እንዳለበት ነገርኩት። ወሬ የሌለን ቀን ደግሞ ሊጻፍ የሚችል ነገር ባለመኖሩ አዝንለታለሁ። «በል ዛሬ የረባ ነገር የለንም፣ ዕቃህን ሰብስብና በጊዜ ግባ» እለዋለሁ።

ትርሲት ትቆጣ ነበር። «እማዬ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው? ተይ ይሄን ቀልድ፣ ጊዜው የቀልድ አይደለም።»

«ሰላም ካልተባለ ይከፋዋል» አልኳት። እኔ ሰላም ሲሉኝ ደስ ይለኝ ስለነበር፣ ሰሚ ሁሉ እንደኔ መስሎኝ ነው። በስድሳ ሦስት ዓመቴ እንዲህ ያለ የዋህነት የት ተደብቆ እንደቆየ እኔም አላውቅም።

ባለፈው ግንቦት አንድ እሁድ ትርሲት ሳትደውል ቀረች። ሰኞ ጠዋት የሥራ ባልደረባዋ ሰገነት ደወለችልኝ። «እማማ፣ አይደንግጡ። ትርሲትን ቅዳሜ ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ ብለው ከሥራ ወስደዋታል። እስካሁን አልተመለሰችም።» አይደንግጡ የተባለ ሰው የሚደነግጠውን ያህል ደነገጥኩ። ነጠላዬን ገልብጬ ለብሼ መናኸሪያ መድረሴ የገባኝ ሰው ሲስቅብኝ ነው። በደብረ ወርቅ አድርገን ግንደ ወይንን አልፈን ሞጣ እስክንገባ ድረስ ኬላው ሁሉ ላይ ወርደን ተፈተሽን። አንዱ ፈታሽ ስልኬን አገላብጦ አይቶ፣ ፎቶ የማታነሳ መሆኗን ሲያውቅ አዝኖልኝ መለሰልኝ።

ሰገነት ያመለከተችኝ ቢሮ በሩ ላይ ስም የለውም። ትርሲት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ፀጉሯ ተንጨብርሯል፣ የሥራ ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም። ጠረጴዛው ጋ ያለው መርማሪ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ነው። ስሙን አልነገረንም። በስቴፕለር የተያያዘ ወረቀት አነሳና ማንበብ ጀመረ።

«‹አንተስ ልጄ፣ ደህና ሰነበትክ? ባለፈው የነገርኩህን አደረግህ? ዕቃህን ሰብስብና በጊዜ ግባ።›» ቀና ብሎ አየኝ። «እማማ፣ በእርስዎና በልጅዎ መካከል ሁልጊዜ መስመሩ ላይ የሚገባው ሦስተኛው ሰው ማነው? የት ነው ያለው? ዕቃውስ ምንድን ነው?»

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ቅሬታ ነው። ስለ ወገቡ የሰጠሁትን ያን ሁሉ ምክር ዘሎታል። በእኔ ጊዜ እንዲህ ያለ ግዴለሽ ሥራ አይሠራም ነበር።

«አንተ ነህ» አልኩት።

«ማን?»

«ሦስተኛው ሰው። አንተ ነህ። ባለፈው የነገርኩህ ሚስት አግባ ያልኩህን ነው። ዕቃህ ደግሞ ማዳመጫህና እስክሪብቶህ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?»

ልጁ አልሳቀም። ትርሲት ግን ከወንበሯ ብድግ አለች። «ሁለት ቀን ሙሉ ጠየቅኳችሁ፣ የሚመልስልኝ አጣሁ። የእኔንና የእናቴን ስልክ የሰማችሁት በየትኛው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው? ወረቀቱን አሳዩኝ።»

«እሱ የእኛ ሥራ ነው፤ ተቀመጪ» አላት። በልጄ ኮራሁ፣ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ያን ሁሉ ዓመት ማዳመጫ ደፍቼ ስኖር፣ የፈቃድ ወረቀት የሚባል ነገር ሊኖር እንደሚገባ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም።

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። «እሺ፣ እኔ ነኝ እንበል። ስልኩ እንደሚሰማ ማን ነገረዎት? ከእኛ ውስጥ ምስጢር የሚያወጣው ማነው? ያንን እስኪናገሩ ድረስ ልጅዎ ከዚህ አትወጣም።»

«ማንም አልነገረኝም። ኦፕሬተር ስለነበርኩ ነው። የሰማሁት ሰው ሁሉ ሰላም ይለኝ ነበር…»

«ገመድ መሰካትና ይሄ ምን አገናኘው? ተረት አያውሩልኝ፤ አለቆቼ ተረት አይቀበሉም።»

ከተረት የሚሻል ነገር ነበረኝ። አርባ ዓመት አፍኜ የያዝኩት፣ ለንስሐ አባቴም ያልነገርኩት። ትርሲት ባትኖር በቀላሉ እናገረው ነበር፤ ችግሩ ተመልሳ እዚያው ሁለት እርምጃ ላይ መቀመጧ ነው። ውሸት ልፈልግ ሞከርኩ፣ ሌላ ጊዜ የማይቸግረኝ ውሸት ያን ቀን ጥሎኝ ጠፋ። ደግሞ ልጄን እዚያ ወንበር ላይ ትቼ የምሄድበት እግር የለኝም።

«ስልክ እንደሚሰማ የማውቀው እኔም እንዳንተ ስለጻፍኩ ነው። በሰባ ሰባት ዓ.ም. የቀበሌው ካድሬ ደብተር ሰጠኝ» አልኩ፣ ልጁን ብቻ እያየሁ። «ማን በስልክ ምን እንዳለ እንድጽፍለት። እኔ ስለ ዝናብ ጻፍኩ፣ ማን እንደወለደች ጻፍኩ። ተቆጣ። ‹ሰው ሁሉ ጻድቅ ነው እንዴ? ባዶ ደብተር ካመጣሽ አንቺም ከእነሱ ነሽ ማለት ነው› አለኝ። ፈራሁ። በማግስቱ መምህር አስናቀው ደብረ ማርቆስ ላለው ወንድሙ ደወለ። እኔን እንደ ሁልጊዜው ሰላም ብሎኝ፣ ‹ወደ ሞጣ እንዳትመጣ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣቱን እየለቀሙት ነው› አለው። ጻፍኩት። መምህሩ ዘጠኝ ወር ታሰረ።»

በጎን በኩል የትርሲት ትንፋሽ ሲቆም ሰማሁ። መስማት አልቀረልኝም አልኩ በልቤ። መምህር አስናቀው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያስተማራት፣ የመጀመሪያ መጽሐፏን የሰጣት ሰው ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ሲሞት ከልጆቹ እኩል አልቅሳለታለች። እሱ ግን «ያሳሰረኝ ጎረቤቴ ውበቴ ነው» ብሎ አምኖ ነው የሞተው፤ በዚያች ቀን ውበቴ ስልክ ቤት ተራ ይጠብቅ ነበርና። ሠላሳ ምናምን ዓመት የውበቴን ሰላምታ አልተቀበለም። ትርሲትም ለመምህሯ ብላ ውበቴን ስታገኝ ፊቷን አዙራ ታልፍ ነበር። እኔ ይህን ሁሉ አያለሁ፣ ዝም እላለሁ። የከተማውን ወሬ ሁሉ ማቀበል የማይደክመኝ ሴት፣ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ማቀበል ከበደኝ።

ልጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ባዶ ሲያመጡ በጣም ይቆጡዎት ነበር?» አለኝ።

«በጣም።»

«እኛንም ይቆጡናል» አለ። ያለውን ራሱም የሰማው ከተናገረው በኋላ ይመስል፣ ደንግጦ ግድግዳውን ቃኘ። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈና መሳቢያ ውስጥ ከተተው። «ይዘዋት ይሂዱ። ሁለተኛ ሰላም እንዳይሉኝ።» የትርሲት ስልክ ከመጀመሪያው ለምን እንደተጠለፈ ግን እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

መንገድ ላይ ትርሲት ፊት ፊት ሄደች። ትጮህብኛለች ብዬ ለጩኸቱ ተዘጋጅቼ ነበር። ዞር ብላ ቀስ ባለ ድምፅ «ጋሽ ውበቴ አይደለም ማለት ነው?» አለችኝ።

«አይደለም።»

«አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ።»

ሌላ አልጠየቀችም። ያን ጋዋን እንደለበሰች ወደ ውበቴ ቤት በሚወስደው መንገድ ታጠፈች። አብረሽኝ ነይ አላለችም፣ እኔም ልምጣ አላልኩም። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም የለውም። መናኸሪያ ሄጄ ወደ ቢቸና የሚሄድ መኪና ጠበቅኩ።

እሁድ እሁድ ዛሬም ትደውላለች። «ደህና ነሽ?» ትለኛለች፣ «ደህና ነኝ» እላታለሁ። «ዘነበ ወይ?»፣ «ዘነበ።» ለካድሬው ስጽፈው የነበረው ዓይነት ወሬ ነው የምናወራው። ለሚሰማው ሰላምታ ማቅረቡንም ትቻለሁ።

ባለፈው እሁድ አላስችል ብሎኝ «ውበቴ ምን አለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«በስልክ አይነገርም» አለችኝ።

«ያ ልጅ እኮ ትቶናል። ወረቀቱን ሲያጥፈው አላየሽም?»

«እሱን ፈርቼ አይደለም፣ እማዬ» አለችና ዘጋችው። ሰዓቴን አየሁ፤ ሦስት ደቂቃ አልሞላንም።