ሆት ዶግ ፊት የቆምን ሽማግሌዎች

የእህቴ ልጅ «ሽማግሌ ሁነህ ሂድልኝ» ሲለኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ልጅቷ አሜሪካዊት፣ አባቷ አሜሪካዊ፣ እኛ ያለነው ኮሎምበስ። ደሴ ያለህ መሰለህ እንዴ አልኩት። ተፈራረሙና ኮል አድርጉልኝ፣ ሱፌን ለብሼ እመጣለሁ። እሱ ግን መሬት መሬቱን ያያል። ለካ እናቱ፣ ማለትም እህቴ፣ ከደሴ ደውላ የመጨረሻ ቃሏን ተናግራለች። «አባቷ ሳይጠየቅ የመጣች ልጅ ቤቴ አትገባም» ብላዋለች። እህቴ አንዴ ካለች አለች ነው። የልጁ አባት ከሞተ ወዲህ ደግሞ የአባት ሥራ ሲኖር ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ምን ላድርግ፣ እሺ አልኩ።

ልጅቷን እወዳታለሁ፤ ቤቴ ስትመጣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ሚስቴን «እትዬ» ብላ ነው የምትገባው። የሚያስፈራኝ አባቷ ነው። ሚስቱ ስትሞት ልጅቷ ገና ሕፃን ነበረች፤ ብቻውን ነው ያሳደጋት። ልጃችን፣ የእህቴ ልጅ፣ እንደሚለው ሰውየው ባገኘው ቁጥር ከ«ሃይ» ሌላ ቃል አይወጣውም። ይህ ሰው እምቢ ቢል እህቴም እምቢ ልትል ነው። ልጁ እናቱን ወይ ሚስቱን ምረጥ ሊባል ነው። ያን ሳምንት እንቅልፍ የሚባል አልነበረኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ሆነን ሄድን። አንዱ እኔ፣ አንዱ ዋይትሆል ሰፈር ያለው ጎረቤቴ፣ አንዱ ደግሞ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አዛውንት። ጋሼ ያላጋቡት የወሎ ልጅ የለም፤ እንግሊዝኛቸው ግን «ታንኪው» ላይ ያበቃል። መኪና ውስጥ ሥርዓቱን ነገሩን። ገብተን አንቀመጥም። የቤቱ ባለቤት «ምን እግር ጣላችሁ?» ብሎ እስኪጠይቀን ስለ ጉዳዩ አንተነፍስም። መልስ እስክናገኝ ደግሞ እህል ውሃ አንቀምስም። «ገባችሁ?» አሉን። ገብቶናል አልን። ሰውየው ይገባው እንደሆነ ግን አንዳችንም አላሰብንም።

ቤክስሊ ሰፈር ስንደርስ የልጅቷ አባት ከቤቱ ጓሮ ሽርጥ አድርጎ፣ የእሳት መቆንጠጫ ይዞ፣ ከግሪሉ ጭስ መሀል ወጥቶ ጨበጠን። ልጅቷና ልጃችን እንደ ወጉ ከቤት ወጥተዋል። በኋላ እንደሰማሁት ልጅቷ ለአባቷ የነገረችው «ቤተሰቦቹ ሊተዋወቁህ ይመጣሉ» ብቻ ነው። እሱም ለትውውቅ የሚሆን ምግብ አሰናድቶ ጠበቀን። የቋሊማውን መጠቅለያ ከቆሻሻ ውስጥ አውጥቶ «ሐላል» የሚለውን ጽሑፍ በጣቱ አሳየኝ። ከተማውን አቋርጦ ሄዶ፣ ሥጋ ቤቱን ጠይቆ ነው የገዛው። ሆት ዶግ የአሳማ ነው ብዬ ስፈራ ኖሬ እስከዚያ ቀን ቀምሼው አላውቅም ነበር።

«ቁጭ በሉ» አለን። ጋሼ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆሙ። እኛም ቆምን።

ሰውየው የሚናገረው ሲያጣ ስለ ሆት ዶግ ማውራት ጀመረ። ተወልዶ ያደገው ቺካጎ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። ዳቦው ላዩ ላይ ጥቁር ፍሬ የተነሰነሰበት መሆን አለበት። መጀመሪያ ማስታርድ፣ ያ የእነሱ የማያቃጥል ሰናፍጭ፣ ይቀባል። ከዚያ ተከትፎ የጣፈጠ ኪያር፣ አረንጓዴነቱ ዓይን የሚወጋ። ከዚያ ሽንኩርት፣ የቲማቲም ቁራጭ፣ ኮምጣጤ ውስጥ የከረመ ኪያር በቁመቱ፣ ትንንሽ ቃሪያ፣ መጨረሻ ላይ የሴለሪ ጨው፣ ሽታ ያለው ዘር የተፈጨበት ጨው። ኬቻፕ ግን ለሕፃን እንጂ ለአዋቂ አይሰጥም አለ። ሲንሲናቲዎች የተፈጨ ሥጋ በወጥ መልክ ያፈሱበትና አይብ እንደ ጭድ ይከምሩበታል። ክሊቭላንዶች ድንች ጥብስና ጎመን ይጭኑበታል። ኒውዮርኮች የኮመጠጠ ጎመን ነው የሚያደርጉበት። «እናንተስ ምን ታደርጉበታላችሁ?» ብሎ ለእያንዳንዳችን ሳህን ዘረጋ።

ማናችንም አልተቀበልነውም። ጎረቤቴ ሆዱ ሲጮህ ተሰማኝ፤ እሱ እንኳ እንደ ወታደር ቀጥ ብሏል። ጋሼ በሹክሹክታ «ምን አለ? ጠየቀን?» አሉኝ። «ሽንኩርት ትፈልጋላችሁ ወይ ነው የሚለው» አልኳቸው። «እንግዲያው ገና ነው» አሉ።

ሰውየው ሳህኖቹን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው። ፊቱ ጭራሽ ተለወጠ። ዳቦው መድረቅ፣ ቋሊማው መኮማተር ጀመረ፤ እሱ ጀርባውን ሰጥቶን ባዶ ግሪል ይጠርጋል። አለቀልን አልኩ በሆዴ። ይህ ሰው ንቀውኛል ብሎ ነው የሚያስበው፣ ልጃችንንም እኛንም ጠራርጎ ነው የሚያስወጣን። ጋሼ የሚጠብቁትን ጥያቄ ሰውየው ዓመት ብንቆም አይጠይቀንም፤ ማን ነግሮት ያውቃል? እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

«ስማኝ» አልኩት በእንግሊዝኛ፤ «እባክህ ለምን መጣችሁ በለን።»

«ምን?»

«ለምን እንደመጣን ጠይቀን። ካልጠየቅከን መናገር አንችልም። እኚህ ሰውዬ እስኪነጋ እዚህ ይቆማሉ እንጂ ቀድመው አይናገሩም።»

መቆንጠጫውን እንደያዘ አንዴ እኔን አንዴ ጋሼን አየ። «ለምን መጣችሁ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ጋሼ፣ ምን እግር ጣላችሁ ብለውናል» አልኩ። ጋሼ ኮታቸውን ቆለፉና ደሴ እንዳሉ ሆነው ጀመሩ። ከሩቅ አገር ዝምድናዎን ፈልገን መጥተናል፣ ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን አሉ። «ይስጡን» የሚለውን እንዳለ ብተረጉመው ዕቃ ልንወስድ የመጣን እንዳይመስለው ፈራሁና «ልጆቹ ሊጋቡ ነው፤ ያለ አንተ ፈቃድ እንዲሆን አንፈልግም» ብዬ አስተካከልኩት።

«ታዲያ ምግቤን ለምን አትበሉም?»

«እሺ ካልከን እንበላለን። እምቢ ካልከን ሳንበላ እንሄዳለን። እህልህን ከበላን በኋላ እምቢ ማለት ሊከብድህ ነው። እንዳይከብድህ ብለን ነው።» ይህን ጋሼ አላሉም፤ ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም። ከአፌ ሲወጣ ግን ልክ እንደሆነ ገባኝ፤ በሽምግልናው ስናደድ ከርሜ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ሰውየው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እኔ እኮ» አለ፣ «ልጅህን አንፈልጋትም ልትሉኝ የመጣችሁ መስሎኝ ነበር። ስትገቡ አልተቀመጣችሁም፣ ምግቤን ነካ አላደረጋችሁም። ምን ብዬ ነው የምነግራት እያልኩ ነበር።» ዓይኑን በሽርጡ ጠረገ። «እሷ ከወሰነች ቆይታለች። እኔን የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።» ከዚያ ተነስቶ የደረቀውን ዳቦ ወደ ጎን ጣለና አዲስ ቋሊማ እሳቱ ላይ አኖረ። «ብሉ» አለ።

ጋሼ ክንዴን ያዙኝ። «ምን አለ?»

«ብሉ አለ።»

ጋሼ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሰውየው ለጋሼ በገዛ እጁ እንደ ቺካጎ ደንብ አዘጋጅቶ ሰጣቸው። ጋሼ አረንጓዴውን ነገር በጥርጣሬ አዩት፣ ገመጡ፣ ሌላ ቃሪያ እንዲጨመርላቸው በጣታቸው አሳዩ። እኔ እንኳ ያንን ሁሉ ጓዝ ትቼ ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውንና የሴለሪ ጨዉን ነው የወደድኩት። ጎረቤቴ ስንት እንደበላ አይጠየቅ።

አፌን ሳልጠርግ ደሴ ደወልኩ። እዚያ መሽቷል፤ እህቴ ግን ስልኩን በእጇ ይዛ ኖሮ ገና ሳይጠራ አነሳችው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«በላችሁ?» አለችኝ።

ሰውየው ምን እንደምትል ጠየቀኝ። «በልታችኋል ወይ ነው የምትለው» አልኩት። ምግቡን የጠየቀችው መስሎት «በደንብ በልተዋል በላት» አለኝ።

«በላን፣ እህቴ» አልኳት። «በደንብ በላን።»

 የስልኩ መስመር የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል፣ እልልታዋ ጓሮውን ሞላው።